አፍንጫ ያለው ማሞቂያ

እናቴን የገደላት አባቴ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ለማንም በአፌ አላወጣሁትም፤ በዓይኔ ግን እነግረው ነበር። ለበዓል ልጠይቀው ስሄድ ውሃ ቀድቶ ሲሰጠኝ ብርጭቆውን ከእጁ አልቀበልም፤ ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጠው እጠብቃለሁ። እሱም ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን እንኳ “ምነው ልጄ?” ብሎኝ አያውቅም። እኔም ዝምታውን ከበደሉ ጋር ደምሬ ቆጠርኩበት።

እዚሁ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ተሳፋሪ ሲነጫነጭብኝ መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የድሮ ጎረቤቶቻችን “አፏ የይሻሽ ነው” ይላሉ። ይሻሽ እናቴ ናት። የእኔ ስም ሪናት ነው፤ እሷ ግን አልገባ ብሏት “ርናት” እያለች ነበር የምትጠራኝ። አስተማሪዬ ፊት እንደዚያ ስትለኝ አፍር ነበር፤ ልጅ ምን ያውቃል።

ቤታችን ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ከእነዚያ አሮጌ የመንግሥት ብሎኮች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሚርፔሴት አለች፤ በረንዳ ማለት ነው። የእኛይቱ ግን በረንዳነቷ ቀርቶ ዙሪያዋን በመስታወትና በፕላስቲክ መዝጊያ ታጥራ ጓዳ ሆናለች። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፣ የልብስ መዘፍዘፊያ ገንዳ አለ፣ ከገንዳው በላይ የውሃ ቧንቧ አለ። ወለሉ ላይ ፍራሽ ቢነጠፍ ለመራመጃ የሚተርፍ ቦታ የለም። በሯ ከላይ እስከ ታች ደብዛዛ መስታወት ስለሆነ ጥላ እንጂ ፊት አያሳይም።

በየወሩ አባቴ እናቴን እዚያ ያስወጣታል። እኔ የገባኝ እንደዚያ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሿ ከመኝታ ቤት ጠፍቷል፣ ሳህኗና ኩባያዋ ከእኛ ዕቃ ተለይተዋል፣ አባቴ ምድጃው ፊት ቆሞ ምስር ያማስላል። “እማስ?” ስለው በአገጩ ወደ መስታወቱ ያሳየኛል። “መቼ ትገባለች?” ስለው “ቀኗ ሲሞላ” ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ምግቧን የማደርስላት እኔ ነኝ። ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጬ ወደኋላ እላለሁ፤ እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ታነሳዋለች። እንዳትነካኝ፣ እንዳልነካት። ከሩቅ ሆና ከንፈሯን አሹላ አየር ላይ ትስመኛለች፣ እኔ ደግሞ ያቺን መሳም በእጄ ቀልቤ ጉንጬ ላይ እለጥፋታለሁ። ይሄ ነገር መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ቀኑ ሲረዝምብኝ ግን እናቴ እዚያው ቤታችን ውስጥ እያለች ትናፍቀኝ ጀመር፤ ሽታዋ ይናፍቀኛል፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሐል አድርጋ የምትይዘኝ አያያዝ ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን የክፍሌ ልጅ ሐጋር ልትጫወት መጥታ መስታወቱ ላይ ጥላ ሲንቀሳቀስ አየች።

“ማነው እዚያ?”

“እናቴ ናት።”

“ከልብስ ማጠቢያው ጋር? ምን አጥፍታ ነው?”

ይህን ጊዜ ነው ቅጣት መሆኑ የበራልኝ። እውነትም ምን አጥፍታ ነው? ከዚያ ወዲህ እማ ስትወጣ ጥፋቷን እፈልግላት ጀመር። ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆናል። ከአክስቴ ከትዋብ ጋር በስልክ ብዙ ሳቅ ስቃ ይሆናል። አባቴን አየዋለሁ፤ ዝም ብሎ ያማስላል። እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው እላለሁ በልቤ፣ ሳይጮህ የሚቀጣ።

ይህን ዛሬ ለአንዷ የእኛ ሰፈር ሴት ባጫውታት በሳቅ ትፈርሳለች። እናቴ የምትወጣው በወር አበባዋ ነበር። እናቷም አያቷም በጎንደር ገጠር እንዲያ ነበሩ፤ ከመንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ አለ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል፣ ሴቲቱ ቀኗ ሲሞላ ልብሷንም ገላዋንም በወንዝ ታጥባ ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ብዙዎቹ ተዉት። እናቴ አልተወችም። ጎጆ ብታጣ ሚርፔሴቷን ጎጆ አደረገቻት። ያስወጣት ሰው የለም፤ ፍራሿን ጠቅልላ የምትወጣው ራሷ ናት። ግን ይህን ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ማን ይነግራል? ነውር ነው።

የጋዝ ማሞቂያውን ያመጣው አባቴ ነው። ጣራ ላይ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ በክረምት ለብ ያለ ውሃ እንኳ አይሰጥም ነበር፤ እናቴ ደግሞ ቀኗን ስትጨርስ የምታጥበው መዓት ነው፤ አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ የለበሰችው ሁሉ፣ ከዚያ ጸጉሯ፣ ከዚያ ገላዋ። ድስት ሙሉ ውሃ አፍልተን ደፉ ላይ እናስቀምጥላታለን፤ እስክታነሳው ይቀዘቅዛል። አባቴ ስሙ ማለደ ነው፤ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ፣ አቪ የሚባል ባለሙያ አስከትሎ መጣ። ካሳ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በድሏታል፣ አሁን ሊክሳት ነው።

አቪ ነጭ ሣጥን የመሰለውን ማሞቂያ ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። “አሮጌዎቹ ቀንም ሌሊትም ትንሽ እሳት እያነደዱ ጋዙን ይጨርሱት ነበር” አለ በዕብራይስጥ። “ይሄ ቧንቧውን ስትከፍቱ ይነሳል፣ ስትዘጉ ይተኛል። ቆጣቢ ነው።” አባቴ እንደ ሙሽራ አባት ፈገግ ብሎ ለእናቴ ተረጎመላት። አቪ ቀጠለ፤ “ደግሞም አፍንጫ አለው።” ቀጭን ሽቦ የተያያዘችበት ትንሽ ነገር አሳየን። “ጋዝ ሲነድ የክፍሉን አየር ይበላል። አየሩ ካነሰ ሽታ የሌለው መርዝ ይመጣል። እናንተ አይሸታችሁም፤ እሱ ግን ያውቅና እሳቱን ራሱ ያጠፋል።” ከዚያ ግድግዳው ግርጌ ላይ በመሰርሰሪያ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ በሳ፣ ወንፊት ገጠመላት። “ይህችን እንዳትደፍኗት” አለ።

እናቴ በቀዳዳዋ አጎንብሳ ወደ ውጭ አየች። “አፍንጫ ያለው ማሞቂያ! ወይ ጉድ! ታዲያ የማለደን ካልሲ ሲሸተው አይጠፋም ትላለህ?”

አባቴ ይህኛውን ለአቪ አልተረጎመለትም። ግን ሳቀ፤ ሦስታችንም ሳቅን፣ አቪም ምኑም ሳይገባው ሳቀ።

በመጀመሪያው ክረምት ማሞቂያው እናቴን ጠላት። ሌላ ማንንም አልጠላም። አባቴ ሲታጠብ ይሠራል፣ እኔ ስታጠብ ይሠራል፣ እናቴም በሌላ ቀን ስትታጠብ ይሠራል። ሚርፔሴት ወጥታ፣ ቀኗን ጨርሳ ልትታጠብ ስትል ግን ፉፉፉ ሲል የነበረው እሳት በመሐል ድርግም ይላል።

“ጠፋ! ማለደ፣ ይሄ ነገርህ ጠፋ!”

“ዝጊውና ክፈቺው!” ይላል አባቴ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ።

“ዘጋሁት፣ ከፈትኩት!”

“እስቲ ትንሽ ጠብቂው!”

ትጠብቀዋለች፣ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። በመጨረሻ የበረሃ ክረምት ያቀዘቀዘውን ውሃ በጸጉሯ ላይ ታፈሰዋለች። ስትገባ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው። ያቀፈችኝ ጊዜ ከገላዋ የሚወጣው ብርድ እኔን ያንቀጠቅጠኛል፤ ብቻ አልለቃትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ የሚርፔሴቷ በር ፊት ቆሞ ጮኸ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አማርኛው ፈጠነብኝ፣ ወፍራምም ሆነብኝ፤ እኔ በትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ያደግኩ ልጅ ነኝ። የገባኝ ቁጣው ብቻ ነው። የበሩን መቃን በመዳፉ መታው። እናቴ ከመስታወቱ ወዲያ ስታለቅስ ተሰማኝ፣ አክስቴ ትዋብም እዚያው ውስጥ ነበረች፣ “ተው ማለደ” ስትል። አልጋዬ ሥር ገባሁና ጆሮዬን ያዝኩ። አሁን ሊገድላት ነው አልኩ።

ያን ቀን የተባለውን ትዋብ በቅርቡ ቃል በቃል ነግራኛለች። “ግቢ!” ነው ያላት። “በኦሪት አምላክ ግቢ! እዚህ አገር ጎጆ የለም፣ ማንም አያይሽም! ብርድ ሊገልሽ ነው፣ እኔ ምን ይበጀኛል?” እናቴም “አንተ ባታየኝ እግዜር አያየኝም?” አለችው። ይሄው ነው። የሰማሁት ጩኸት ልመና ነበር።

አባቴ አቪን ጠራው። አቪ የመጣው እናቴ ከገባች በኋላ ነው፤ ሌላ ወንድ እሷ እያለች እንዴት ይገባል? ቧንቧውን ከፈተ፣ እሳቱ ተነሳ፣ ብዙ ቆይቶም አልጠፋም። “ደህና ነው” አለ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያው ሆነ። አቪ ተጠራ፣ አፍንጫውን በአዲስ ቀየረው፣ ቀዳዳዋን አጎንብሶ አየ፣ ጭስ ማውጫውን መረመረ፣ ሁሉም ደህና።

“በምን በምን ጊዜ ነው የሚጠፋው?” ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬት አየ። “አንዳንዴ” አለ።

እንዴት አድርጎ ይንገረው? ለማያውቀው ወንድ፣ በዕብራይስጥ፣ ሚስቴ የሴት ቀኗ ሲሆን ነው ብሎ? አቪም ትከሻውን ነቅንቆ “የበረሃው አቧራ ይሆናል፣ እነዚህ ነገሮች አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይነጫነጫሉ” ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነው ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው የኖርኩት። እናቴ ገበያ ሄዳለች። አባቴ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ሚርፔሴቷ ውስጥ ገባ። የማሞቂያውን ክዳን ፈታ፣ ውስጡን ጎረጎረ፣ ቀጯ! አድርጎ ሽቦ ቆረጠ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ላብ በላብ ሆኗል። ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ጠመዘዛቸው፣ ክዳኑን መልሶ ገጠመ። “እንግዲህ እንተያያለን!” አለ። እናቴን ነው የሚዝትባት ብዬ ከበሩ ኋላ ተሸሸግኩ። እንዳትታጠብ አበላሸባት ብዬ አመንኩ።

በፋብሪካው ማሽኖች ላይ ክዳን ሲከፈት ሥራ የሚያቆሙ መጠበቂያዎች አሉ። መጠበቂያው ሲበላሽና ሥራ ሲስተጓጎል አለቃው “ቀጥታ አገናኙትና ይሥራ” ይላል፤ ያገናኙታል፣ ይሠራል፣ ዓመት ይሠራል። አባቴ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። አፍንጫው የተበላሸ መስሎት ነው። የዛተው በማሞቂያው ላይ ነው።

እናቴ የሞተችው የመታጠቢያዋ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ደብተሬን ይዤ ሚርፔሴቷ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወደ እኛ የምትመለስበት ቀን ሁሌም እዚያ ነው የምቀመጠው፣ መጀመሪያ እኔን እንድታቅፈኝ። ውሃው ይፈሳል፣ እሳቱ ፉፉፉ ይላል። ጥላዋ ገንዳው ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል።

“ርናት፣ አለሽ?”

“አለሁ።”

“ምን ትሠሪያለሽ?”

“ሒሳብ።”

“ጎበዝ! ሰማሽው ይሄን? ዛሬ ሰው ሆኗል! አልጠፋም እኮ!”

“እሰይ!” አልኩ። አባቴ ሊያበላሸው ሞክሮ አልሆነለትም ብዬ በሆዴ ፈነደቅኩ። “በቃ ውጪ!”

“ጀምበሯ ትጥለቅ እንጂ፣ አንቺ ችኩል። ስወጣ ሹሩባ እሠራሻለሁ። ቀጭን በቀጭን።”

ታጥባለች፣ ታንጎራጉራለች። መስታወቱ በእንፋሎት ነጭ ሆነ፤ ጥላዋም ደበዘዘ። ትንሽ ቆይታ “ርናት፣ አባትሽ መጣ?” አለችኝ።

“አልመጣም።”

“ራሴን ፈለጠኝ። ይሄ እንፋሎት ነው መሰለኝ። አረፍ ልበል።”

“እሺ” አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ድምጿን አልሰማሁም። ውሃው ይፈሳል፣ እሳቱም ይነዳል፣ አይጠፋም፣ አይጠፋም። እኔ ደስ ብሎኛል። ሒሳቤን ጨረስኩ። በደብተሬ ጀርባ ላይ ቀጭን በቀጭን ሹሩባ የተሠራች ልጅ ሳልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው።

አባቴ ከሥራ ሲገባ የምሳ ዕቃው በእጁ ነው። ደፉ ላይ አየኝ፣ ውሃውን ሰማ። “ይሻሽ! ጨረስሽ?” አለ። መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። “ይሻሽ?” እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ፣ መልሶ አነሳ፣ እንደገና አሳረፈ። ካገባት ጀምሮ በእነዚያ ቀናት ያን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። “ይሻሽ፣ ኧረ መልሺልኝ!” ከዚያ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

በእንፋሎቱ ውስጥ ተሸክሟት ወጣ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አስተኛት፣ እርጥብ አንሶላ አለበሳት። እኔ ያሰብኩት፣ አሁን እሱም መታጠብ አለበት፣ ነካት እኮ፣ ነው። የእማ ከንፈር ቀልቷል፤ ለመውጫዋ የተቀባች መሰለኝ። ቆንጆ ነበረች። አባቴ ይጮሃል፣ ደረቷን ይጫናል፣ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ይገባል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ነጭ የለበሱት ሰዎች መጥተው ከበቧት። ያኔ አባቴ ተነስቶ ተመልሶ ወደ ሚርፔሴቷ ገባ። ጋዙን ሊዘጋ ነው። ሲወጣ ግን ጃኬቱ ከፊት ለፊቱ አብጦ ነበር፤ አንድ ነገር ከሥሩ ይዟል፣ ጫፉ ነጭ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ቀድሞኝ ዓይኑን ሰበረ፣ ወደ መኝታ ቤት አለፈ። የገደለበትን ነገር ደበቀ አልኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ምን ልበል ሌላ?

እናቴ ሐኪም ቤት አልደረሰችም። ፖሊሶቹ ሲጠይቁት “ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አለ። ፖሊስ ያመጣው ባለሙያ ክፍት ቀዳዳ እያለ አየሩ እንዴት ተበላሸ ብሎ ግራ ገብቶት፣ ነፋስ ጭሱን መልሶት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ፍርድ ቤት ቆመ፣ ተፈረደበት፣ ከእስር ይልቅ የመንግሥት ሥራ በነጻ እንዲሠራ አደረጉት። እኔን ትዋብ ወስዳ አሳደገችኝ። በየሻባቱ፣ በየሰንበቱ፣ ቸኮሌት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቸኮሌቱን እበላለሁ፣ እሱን አላቅፈውም።

ባለፈው መስከረም ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር የራሴን ቤት ተከራየሁ። ትዋብ ቤቱን ልትባርክልኝ መጣች። ወጥ ቤቱን ሳሳያት ከምድጃው ጎን ግድግዳው ላይ ያለችውን ወንፊት የተገጠመላት ቀዳዳ አየች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“አክስቴ! ምን ሆንሽ?”

“ይህን እንዳትደፍኚ” አለችኝ። “አፈር ልብላልሽ፣ ይህን እንዳትደፍኚ።”

“ኧረ አልደፍንም። ጋዝ ያለበት ቤት ሁሉ አለው፣ ሕግ ነው።”

“እኛ ደፈንናት” አለች። “በኔ ጋቢ። እኔና እናትሽ።”

ብርዱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ እናቴን ፍራሿ ላይ ያንዘፈዝፋት ነበር። እናቴ አቪ እንዳትደፍኑ ብሏል ስትላት፣ ትዋብ “አቪ እዚህ ወለል ላይ ተኝቶ ያውቃል?” ብላ ጋቢዋን ጠቅጥቃ ወተፈችው። ሁለቱም ሳቁ። በመታጠቢያዋ ቀን እናቴ ሁሉን አጥባ በመጨረሻ ጋቢውን ትነቅለዋለች፣ አጥባ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ ትገባለች። አቪ ሲመጣ ቀዳዳው ክፍት ነው። አባቴ ሲያይ ክፍት ነው። ማሞቂያው ሲጠፋ የነበረው ተበላሽቶ ሳይሆን አየር አጥቶ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነበር።

“እሱ ሽቦ መቁረጡን እኛ አላወቅንም” አለች ትዋብ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። “እኛ መድፈናችንን እሱ አላወቀም። ለወንድ ስለዚያ ቀን ማን ያወራል፣ ልጄ? ከቀብር ስንመለስ ሚርፔሴቷ ውስጥ ጋቢዬን ፈለግኩት። የለም። ፖሊስ ወስዶታል፣ ነገ ይጠሩኛል እያልኩ ሃያ ዓመት። ማንም አልጠራኝ።”

ጋቢውን ማን እንደወሰደው እኔ አውቅ ነበር። ጃኬት ሥር ሲሄድ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። አባቴ በጡረታ ነው፤ ረፋዱ ላይ ከብሎኩ በታች አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ብቻውን ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ፤ በዓል አልነበረም።

“ደህና ነሽ?”

“አባ፣ የአክስቴን ጋቢ የት አደረስከው?”

ወደ አግዳሚው ዳር ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

“ትዋብ ነገረችሽ።”

“አዎ።”

“እንዳትቆጪያት። ብርዱን ነው ያየችው፣ ሌላ ምንም አላየች።” እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። “ቀበርኩት። ከደረቁ ወንዝ ዳር።”

“ለምን? አንተ እኮ ነህ የገደልካት ብዬ፣ እኔ እኮ…”

“ገድያታለሁማ” አለ። “ሽቦውን የቆረጠው ይሄ እጅ ነው። እንዲሞቃት ብዬ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ጋቢው ኖረም አልኖረም ያ አይፋቅም።”

“ታዲያ ለምን ደበቅከው? ቢያዩት ያቀሉልህ ነበር!”

“አዎ፣ ያቀሉልኝ ነበር። ከዚያስ? ‘ራሷ ናት የደፈነችው’ ይላሉ። ለምን እዚያ ተኛች ይላሉ። ሬዲዮው ‘እነዚህ ሰዎች’ እያለ የእናትሽን ገመና ይዘከዝካል። ይህን ሁሉ ብችለው፣ አንቺ አለሽ። አንቺ ሰምተሽ ታድጊያለሽ። እናቴ በገዛ እጇ ጥላኝ ሄደች ትያለሽ።” ወደ ሕንጻው ቀና አለ። “እናቱ የሞተችበት ልጅ የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል። እኔን ትቆጣ አልኩ። እኔ በሕይወት አለሁ፣ አንድ ቀን ትታረቀኛለች። ከሞተ ሰው ጋር የትኛው ሽማግሌ ያስታርቃታል?”

“አንድ ቀን አልክ!” ብዬ ጮህኩ፤ መንገደኛ ዞሮ አየን። “አንድ ቀን ብለህ ሃያ ዓመት እኮ ሆነ፣ አባ!”

“ረዘመ” አለ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው፣ “ቀኑ ዛሬ ነው?” አለኝ።

“ዛሬ ነው” አልኩት። “ዛሬ ነው፣ አባዬ።”

አቀፍኩት። ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኗል። እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፣ ጀርባዬን እየደጋገመ ይመታኛል፣ “ልጄ፣ ልጄ” ይላል። ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት ቂም ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ግን አልጠፋም፣ የሚያርፍበት አጣ እንጂ። እዚያው እቅፉ ውስጥ እያለሁ ነው ወደ እናቴ የዞረው። በሩ እኮ አልተቆለፈም ነበር፣ እማ። ግቢ ብሎ ለምኖሽ ነበር። እኔም ደፉ ላይ ተቀምጬ እየጠበቅኩሽ ነበር። አንድ እርምጃ እኮ ናት! ምን አለበት ብትገቢልኝ? እሱ ሃያ ዓመት ሙሉ የከለለኝ ከዚህ ነበር፤ አሁን መጣና ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

አባቴ ራሱን ቀና አድርጎ ፊቴን አየ። እንባዬ አልቆም ብሎ ነበር።

“ምነው ልጄ?” አለኝ። “ታረቅን አይደል? ምን ያስለቅስሻል?”

“ደስ ብሎኝ ነው” አልኩት።